ከጠፈር ወደ ጠፈር፦ የምግብ ቤት ሶላር ቃላት ከየት መጡ?

መብራት ሲሄድ አስተናጋጁ ሻማ ፍለጋ የሚሯሯጥበት፣ በር ላይ የቆመው ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት ምግብ ቤት ለከተማ ሰው ብርቅ አይደለም። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ጉዳይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንዳንድ ባለ ምግብ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ጣሪያቸው አዙረዋል፤ ወሬያቸውም አብሮ ተለውጧል። የናፍጣ ዋጋ ይወራበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አሁን «ሶላር አስገጠምኩ»፣ «ኢንቨርተሩ ስንት ኪሎዋት ነው?»፣ «ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ ተራው?» ይባላል።

ይህ ወሬ ላይ ላዩን ሲሰማ ከውጭ በመጡ ቃላት የታጨቀ ነው። ሥሩ ሲቆፈር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባዕድ የመሰለው ቃል የቅርብ ዘመድ ሆኖ ይገኛል፤ የራሳችን ነው ብለን የምንተማመንበት ደግሞ ሁለት ሦስት ትርጉም ተሸክሞ ውል ያበላሻል። የሁለቱንም ታሪክ በየተራ እንይ።

ፀሐዩ «ፀ»

የቆሎ ተማሪ ሞክሼ ፊደላትን ሲለይ አንዱን «ጸሎቱ ጸ»፣ ሌላውን «ፀሐዩ ፀ» ይላል። ፀሐይ ለአንድ ፊደል መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰች ቃል ናት። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱ ድምፆች አንድ ቢሆኑም በጥንቱ ግዕዝ የተለያዩ ነበሩ፤ የ«ፀ» ጓደኛ በዐረብኛ «ዷድ» የሚባለው ፊደል ነው። ስለዚህም የፀሐይ ዘመድ በዐረብኛ «ዱሓ» ሆኖ ይገኛል፤ ትርጉሙ ፀሐይ ከፍ ብላ ቀኑ የሚፈካበት የረፋድ ሰዓት ነው። የቁርኣን 93ኛው ሱራ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

በግዕዝ «ፀሐወ» ማለት ሰማዩ ጠራ፣ ብራ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉ መሠረት ግለት ሳይሆን ጥራት ነው። ጣሪያ ላይ ለሚሰቀለው መሣሪያም ይኸው ይስማማል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሰሌዳ የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም፤ እንዲያውም የተለመደው ዓይነት ሰሌዳ በጋለ ቁጥር በየአንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ የሚሆን ምርቱን ያጣል። ነፋስ ያለበት የደጋ ብራ ቀን ከሚያቃጥል የቆላ ቀትር ይሻለዋል።

ሌሎቹ የሴም ቋንቋዎች ለፀሐይ የያዙት ቃል ሌላ ነው። አካድኛ «ሸማሽ»፣ ዕብራይስጥ «ሼሜሽ»፣ ዐረብኛ «ሸምስ» ይላሉ። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉት በየጣሪያው ላይ የተቀመጠው የውሃ ማሞቂያ በርሜል ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እዚያ አገር አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ይህን ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ሻማ» የሚለው ቃላችን ከ«ሸምስ» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ የፀሐይ ዘመድ ይመስላል፤ አይደለም። ከዐረብኛው «ሸምዕ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ሰም ማለት ነው።

አማርኛ የግዕዝን «ጸ» እና «ፀ» ብዙ ጊዜ ወደ «ጠ» ይለውጣል። ጸግበ ጠገበ፣ ጽጋብ ጥጋብ ሆኗል። መስከረም «ሲጠባ» የምንለውም ከግዕዙ «ጸብሐ»፣ ነጋ ከሚለው ነው። በዚያው መንገድ ፀሐይም «ጣይ» ሆናለች። ዛሬ በንግግር «ፀሐይ» ተመልሳ ቦታዋን ብትይዝም «ጣይ» በአንድ ትልቅ ስም ላይ ቀርታለች፦ ጣይቱ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኢቱ» ልጂቱ፣ ላሚቱ እንደምንለው ነው፤ ስሙ ሲፈታ «ፀሐይቱ» ይሆናል። የእቴጌ ጣይቱ የማዕረግ ስምም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ነበር። ፒያሳ ያለው፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የሚባለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ሶላር የሚባል ነገር ሳይታወቅ የተሠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ዛሬ የፀሐይን ስም ይዞ ቆሟል።

መጋቢ፣ ሾርባ፣ እንግዳ

«ምግብ» የመጣው ከግዕዙ «መገበ» ነው። መገበ ማለት አበላ ብቻ ሳይሆን አስተዳደረ፣ ጠበቀ፣ የሚያስፈልገውን አቀረበ ማለትም ነው። በቤተ ክርስቲያን መጋቤ ሐዲስ፣ መጋቤ ብሉይ የሚባሉት ሊቃውንት ወጥ አይሠሩም፤ ትምህርት ይመግባሉ። እግዚአብሔር ለፍጥረቱ የሚያደርገው እንክብካቤም «መግቦት» ይባላል። ስለዚህ ምግብ ቤት በሥሩ ሲታይ አቅርቦት የማይቋረጥበት ቤት ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨነቅ ባለቤት በትክክለኛው ትርጉም መጋቢ ነው።

«ሬስቶራንት» ደግሞ መጀመሪያ የቤት ስም አልነበረም። በፈረንሳይኛ የደከመን የሚያበረታ፣ አቅም የሚመልስ ማለት ሲሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ለታመመና ለደከመ ሰው የሚሰጥ መረቅ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከ1760ዎቹ ጀምሮ መረቁን የሚሸጡት ቤቶች ራሳቸው የመረቁን ስም ወረሱ። «ሆቴል» የ«ሆስፒታል» እኅት ነው፤ ሁለቱም እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል ተወልደዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አልጋ የሌለው፣ ሽሮና ጥብስ ብቻ የሚያቀርብ ቤትም «ሆቴል» የሚል ታፔላ ይሰቅላል።

ከወጥ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ዋናው «ምጣድ» ነው። ከ«ጣደ» የተሠራ ስም ነው፤ የሚጣድ፣ የሚጣድበት ዕቃ። ድሮ የሚጣደው በጉልቻ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሶኬት ላይ ይሰካል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

መብራት፣ ኮረንቲ፣ ኤሌክትሪክ

ግዕዝ «በርሀ» ያለውን አማርኛ «በራ» ብሎ «ሀ»ን ጥሏታል፤ «ብርሃን» በሚለው ስም ግን ሳትጠፋ ቀርታለች። ከበራ «ብራ» እና «መብራት» ወጥተዋል፤ «ራሰ በራ»ም ሳይቀር በዚሁ ይታሰባል። «መ» የመሣሪያ ምልክት ስለሆነች መብራት ማለት ማብሪያ፣ የሚበራ ዕቃ ነው። አሁን ግን ቃሉ ከዕቃው አልፎ ሄዷል። «መብራት ሄደ» ስንል የጠፋው አምፖሉ ሳይሆን መላው አገልግሎት ነው፤ ፍሪጁም፣ የቡና ማሽኑም፣ የሒሳብ ማሽኑም አብረው ሄደዋል። «የመብራት ከፈልኩ» ስንልም የምጣዱን ሒሳብ ጨምረን ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሰው አፍ አጥሮ «መብራት ኃይል» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጅቱ ኤሌክትሪክ ኃይል እና ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ቢከፈልም ሕዝቡ የድሮውን ስም አልተወም።

«ኮረንቲ» የጣልያንኛ «ኮሬንቴ» ነው፤ የሚሮጥ፣ የሚፈስ ማለት። «ኤሌክትሪክ» ግን ሩቅ አገር ይወስደናል። ግሪኮች የዛፍ ሙጫ ደርቆ የሚሆነውን ቢጫ ዕንቁ «ኤሌክትሮን» ይሉት ነበር። ይህ ዕንቁ በጨርቅ ሲታሽ ገለባ ይስባል። እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው የማግኔት መጽሐፉ ይህን የመሳብ ጠባይ በዕንቁው ስም ጠራው፤ ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል ከዚያ ተስፋፋ። ዕንቁው ራሱ ስሙን ከየት አመጣ ቢባል፣ ሊቃውንቱ በሆሜር ግጥም ውስጥ ለምትንቦገቦገው ፀሐይ ከተሰጠው «ኤሌክቶር» ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል። በዚህ ከሄድን «የፀሐይ ኤሌክትሪክ» የሚለው አነጋገር ፀሐይን ሁለት ጊዜ ይጠራል።

ናፍጣና ኢሽቲራክ

ጄኔሬተሩ የሚጠጣው «ናፍጣ» በጣልያንኛው «ናፍታ» በኩል ደረሰን። ጣልያንኛው ከግሪክ የወሰደው ሲሆን ከግሪኩ ጀርባ ጥንታዊው አካድኛ «ናፕጡ» አለ። አካድኛ የሴም ቋንቋ ስለሆነ ናፍጣ በአውሮፓ ዞሮ ወደ ዘመዶቹ የተመለሰ ቃል ነው።

ስለ ጄኔሬተር ሲነሳ ሊባኖስን መዝለል አይቻልም፤ ብዙ እኅቶቻችን ቤሩት ውስጥ ሠርተው ያውቁታልና። እዚያ የሰፈር ጄኔሬተር ባለቤት ለየቤቱና ለየሱቁ መስመር ዘርግቶ በወር ያስከፍላል፤ ክፍያው «ኢሽቲራክ» ይባላል። ሥሩ ሸ፣ ረ፣ ከ ነው፤ መርካቶ ውስጥ «ሸሪክ» እና «ሽርክና» የምንለው የዚሁ ቃል ቤተሰብ ነው። ባለ ጄኔሬተሩና ደንበኛው ሳይፈልጉም ሸሪክ ሆነዋል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2021 ሁለቱ ዋና ዋና ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ የአገሪቱ የመንግሥት መስመር ሙሉ በሙሉ ጨለመ። የነዳጅ ድጎማው ተነሥቶ ስለነበር ኢሽቲራኩም ከብዙዎች አቅም በላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 100 ሜጋዋት ገደማ የነበረው የአገሪቱ የሶላር አቅም በ2023 ወደ 1000 ሜጋዋት ተጠጋ። ምግብ ቤቶችም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ፤ ሥጋና ወተት የሚያስቀምጥ ቤት መስመር በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ መጥቶለት ሊሠራ አይችልምና። የዐረብኛው ስያሜ «ጣቃ ሸምሲያ» ነው። «ጣቃ» እዚህ ላይ እንደ መርካቶው የጨርቅ ጥቅል ሳይሆን አቅም፣ ጉልበት ማለት ነው።

ጣሪያ የነበረው ጠፈር

ዛሬ «ጠፈር» ስንል መንኮራኩር የሚሄድበትን ከሰማይ በላይ ያለ ስፍራ ማለታችን ነው። በግዕዝ ግን ጠፈር መጀመሪያ የቤት ጣሪያ ነው። በወንጌል መቶ አለቃው ጌታ ወደ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሊገባ እንደማይገባው ሲናገር የግዕዙ ትርጉም የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ሰማይ የዓለም ጣሪያ ሆኖ ስለታየ ቃሉ ወደ ላይ ወጣ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ከሰማዩም አልፎ የጠፈርተኞች ስፍራ ሆነ።

የሶላር ሰሌዳ ታሪክም ይህን ይመስላል። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል ፈረንሳዊው ኤድሞንድ ቤከሬል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። ለሥራ የሚበቃ የሲሊኮን ሴል የታየው ግን አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ በ1954 ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዋጋው የማይቀመስ ስለነበር መጀመሪያ የተፈለገው ሽቦ በማይደርስበት ስፍራ ሆነ። መጋቢት 17 ቀን 1958 (እ.ኤ.አ.) የተወነጨፈችው ቫንጋርድ 1 የተባለች ሳተላይት የሶላር ሴሎች ይዛ ወጣች። በግዕዝና በአማርኛ አንድ ላይ ብንናገረው፣ ሰሌዳው መጀመሪያ ወደ ጠፈር ወጣ፤ ዋጋው ሲረክስ ወደ ጠፈር ወረደ።

«ሶላር» ፀሐይ ከሚለው ላቲን «ሶል» ነው። «ፓኔል» ቁራጭ ጨርቅ ማለት ከሆነው «ፓኑስ» ይወለዳል። «ሰሌዳ» ብንለውም ንጹሕ የአገር ልጅ አናገኝም፤ ግዕዝ ራሱ የመጽሐፍ ገጽ ማለት ከሆነው የግሪክ «ሴሊዳ» የተዋሰው ነው። የተዋስነው በጣም ቆይቶ ስለሆነ ብቻ ባዕድነቱን ረስተነዋል። «ሲሊኮን» ደግሞ ባልጩት ማለት ከሆነው «ሲሌክስ» ነው። ጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ ነገር በስሙ ባልጩት ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። ሰሌዳው እንደ አውሮፓ ቀና ብሎ መቆም አያስፈልገውም፤ ዘንበል ማለት ይበቃዋል። የነሐሴዋን ፀሐይ ግን ደመና ይሸፍናታል። የክረምቱን ምርት በበጋው ልክ የሚያሰላ ሰው ይከስራል።

ድንጋይ በድንጋይ

«ባትሪ» መምታት ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የወጣ የመድፈኛ ቃል ነው፤ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ መድፎች «ባትሪ» ይባሉ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ብርጭቆዎችን አያይዞ ደርድሮ ይህንኑ ስም ሰጣቸው። አማርኛ ቃሉን ሲቀበል ለእጅ መብራት አደረገው፤ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» አለው። የተማረ ሰው በዚህ ስያሜ ፈገግ ይል ይሆናል። ሆኖም ዛሬ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዘመናዊ ባትሪ ስሙን የወሰደበት ንጥረ ነገር «ሊቲየም» የተባለው በግሪክ «ሊቶስ»፣ ድንጋይ፣ ከሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ከማዕድን ውስጥ ስለተገኘ ስዊድናውያኑ እንዲህ ሰየሙት። ባላገሩ ሳያውቅ ከኬሚስቶቹ ጋር ተስማምቷል።

ኃይል የተባለው አሳሳች ቃል

እስካሁን የመጡት እንግዶች ማንንም አልጎዱም። ሒሳብ የሚያሳስተው የራሳችን «ኃይል» ነው። በግዕዝ ኀይል ብርታትም ሠራዊትም ነው፤ የዕብራይስጡ «ሐይል»ም እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል። «ጦር ኃይል» እና «ኃይለ ሥላሴ» ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ይህ ሰፊ ቃል ወደ ኤሌክትሪክ ሲገባ ሁለት የተለያዩ መጠኖችን በአንድ ስም ጠራ፤ አንዱ የሚለካው በኪሎዋት፣ ሌላው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ዋት የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው የጄምስ ዋት ስም ነው፤ ለመለኪያነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው።

ልዩነቱን ወጥ ቤት ያለ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ስንት ምድጃ ማንደድ እንደሚቻል ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ግን የከሰሉ ጆንያ ነው። «የ5 ኪሎ ሶላር» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ የትኛውን እንደሚናገር አይታወቅም። ሰሌዳው 5 ኪሎዋት ከሆነ፣ በብራ ቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ በወረቀት 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 20 ገደማ ይደርሳል። 5 የተባለው ባትሪው ከሆነ ግን በጠቅላላ የሚይዘው 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

አሁን ምጣዱን እናምጣው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ አንድ ምጣድ አራት ሰዓት ቢጋገርበት 14 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ያንን ባትሪ ብቻውን ቢይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባዶ ያደርገዋል። በአንጻሩ 10 ዋት የሆኑ 20 አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ «መብራቱን ሶላር ይችለዋል» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እሱ መብራት ያለው አምፖሉን ነው። ገዢው ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ ምጣዱን ጨምሮ ሰምቷል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የተጣሉት ግን በአንድ ቃል ነው።

«ሶላር» የሚለው ቃልም ያው ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውንም፣ ለሳህን ማጠቢያ ውሃ የሚያሞቀውንም በአንድ ላይ ይጠራል። ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ውሃ የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ አያመነጭም።

ባዕድ ቃል ገባ ብሎ መጨነቅ ስለዚህ ብዙም አያስኬድም። ሰሌዳም፣ ናፍጣም፣ ሻማም ተውሰን የራሳችን ያደረግናቸው ናቸው፤ የሰሌዳውንና የባትሪውን ኮረንቲ ለዕቃዎቻችን እንዲስማማ አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተርም ነገ ይለመዳል። የሚያስፈልገው የሰፋውን ቃል በቁጥር ማጥበብ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ሶላር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ባለ ምግብ ቤቶች፣ ውሉ ላይ «ኃይል» እና «መብራት» በሚሉት ቃላት ብቻ አትፈርሙ። የሰሌዳው ኪሎዋት፣ የኢንቨርተሩ ኪሎዋት፣ የባትሪው ኪሎዋት ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ፤ ምጣዱ በየትኛው መስመር እንደሚሠራም በስሙ ይጠቀስ። መጋገሩን ደግሞ ከተቻለ ወደ ቀትር አምጡት። «ፀሐይ ሳለ ሩጥ» ያሉት አባቶች ስለ ሶላር ባያውቁም ምክሩ ለእናንተም ይሠራል።